በቲሸርቱ ላይ ያለው ስም የማን ነው?

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። ቡናችሁን ይዛችሁ ተረጋግታችሁ አንብቡት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዓመታት በፊት ያስተማርኩት አንድ ልጅ ባለፈው ሳምንት በቴሌግራም ጻፈልኝ። አሁን ትንሽ የቲሸርት ማተሚያ ቤት አለው። አንድ ማተሚያ፣ ሁለት የስፌት መኪና፣ ሁለት ሠራተኞች። የአንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች የጂሲ ቲሸርት አዘዙት። ከፊት የዩኒቨርሲቲው አርማ፣ ከኋላ የተመራቂዎቹ ስም። 120 ቲሸርት አትሞ ግቢው በር ላይ ሲደርስ "አርማውን በማን ፈቃድ አተምከው?" ተባለ። ዕቃው ተመለሰ፤ ቀሪው ክፍያም እዚያው ቆመ።

"ቲቸር" አለኝ፣ "ልጆቹ እኮ እዚያው የሚማሩ ናቸው። የራሳቸውን ግቢ ስም ለመልበስ ፈቃድ ያስፈልጋል እንዴ? እርስዎ የታሪክ አስተማሪ ነዎት፤ ይሄ ነገር ከየት መጣ?"

ከየት መጣ የሚለውን ጥያቄ እወደዋለሁ። የሕግ ሰው አይደለሁም፤ ታሪኩን ግን እነግራችኋለሁ። ልጁ ራሱ "ይጻፉት፣ ሌላውም ይማርበት" ስላለኝ እዚህ ለጠፍኩት። (ካልጠቀስኩ በቀር ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩ በአብዛኛው የአሜሪካ ታሪክ ነው። ዩኒቨርሲቲ ስሙን እንደ ሸቀጥ መዝግቦ፣ በፈቃድ አከራይቶ፣ በፍርድ ቤት ተሟግቶ ደንብ ያወጣለት በዋናነት እዚያ ነውና።

በመጀመሪያ ፈቃድ የሚባል ነገር አልነበረም። ኒውዮርክ ግዛት ሮቸስተር ከተማ ውስጥ ቻምፒዮን የሚባል የሹራብ አምራች ነበር። ዛሬም ስሙን በየሱቁ ታዩታላችሁ። ይህ ድርጅት ለየዩኒቨርሲቲው መጻሕፍት መደብር የግቢውን ስም ያተመበት ሹራብ ያቀርብ ነበር። ለምሳሌ የፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲን ስም ያለበት ልብስ መሸጥ የጀመረው በ1936 ነው። አስቡት፣ ጣሊያን አዲስ አበባ በገባበት ዓመት ማለት ነው። ዩኒቨርሲቲው ከሽያጩ ድርሻ አልጠየቀም፤ ቻምፒዮንም ሊከፍል አላሰበም። ያኔ ነገሩ ለሁለቱም ጥሩ ነበር። አንዱ ሹራብ ይሸጣል፣ ሌላው ስሙ በየመንገዱ ይታይለታል። ማስታወቂያ በነጻ፤ ማን ይጠላል?

የአሜሪካ የንግድ ምልክት ሕግ የወጣው በ1946 ነው። ላንሃም አክት ይባላል። የሕጉ ዋና ሐሳብ ቀላል ነው፤ ሸማቹ እንዳይታለል። አንድ ሳሙና ላይ ያለው ምልክት "ይህን የሠራው እገሌ ነው" ይላል፤ ሌላ ሰው ያንን ምልክት ሰርቆ ቢለጥፍ ገዢው ተታለለ ማለት ነው። ሹራብ ላይ ግን ነገሩ ይለያል። ሹራቡን የሚገዛው ልጅ ዩኒቨርሲቲው ራሱ መርፌና ክር ይዞ ሰፋው ብሎ አያስብም። ስሙን ስለሚወደው ነው የሚገዛው። ታዲያ ተታለለ ይባላል? ይህን ጥያቄ ያዙልኝ፤ ሃምሳ ዓመት ያከራከረ ነው።

በ1970ዎቹ ነገሩ መለወጥ ጀመረ። በ1973 የሎስ አንጀለሱ ዩሲኤልኤ የመጻሕፍት መደብር ለአንድ የሰዓት አምራች ስሙን እንዲጠቀም ፈቃድ ሰጠ፤ የዩኒቨርሲቲ የንግድ ምልክት ፈቃድ ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ መነሻው ይህ ነው። በ1975 ደግሞ አንድ የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በበረዶ ሆኪ ቡድኖች አርማ ጉዳይ ለቡድኖቹ ፈረደ። ጨርቁን የሚያሸጠው አርማው ነው፣ አርማውም የቡድኑ ነው አለ። ዩኒቨርሲቲዎች ይህን ሲሰሙ ጆሯቸው ቆመ።

ከዚያ ቢል ባትል የሚባል ሰው መጣ። ሰውየው ነጋዴ ሆኖ አልተነሳም። አላባማ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በአሜሪካ ፉትቦል ዝነኛው አሠልጣኝ በፖል "ቤር" ብራያንት ሥር ተጫውቷል፣ ከ1970 እስከ 1976 ደግሞ የቴኔሲ ዩኒቨርሲቲን ቡድን አሠልጥኗል። በ1981 የብራያንትን ስምና ምስል የሚመለከት የፈቃድ ሥራ ያዘ። የአሠልጣኙ ስም ሲሸጥ የዩኒቨርሲቲውም ስም አብሮ እንደሚሸጥ አየ። አላባማን የመጀመሪያ ደንበኛው አድርጎ የፈቃድ ድርጅት አቋቋመ። ኋላ ኮሌጂየት ላይሰንሲንግ ካምፓኒ የተባለው ይህ ድርጅት በርካታ ዩኒቨርሲቲዎችን ወክሎ ከአምራቾች ጋር የሚዋዋል ትልቅ ደላላ ሆነ። ደላላ ስል ለስድብ አይደለም፤ ሥራው ያው ነው። ባለ ስሙንና ባለ ፋብሪካውን ያገናኛል፣ ድርሻውን ይወስዳል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ፒትስበርግ ከእንቅልፉ ነቃ። በ1976 ቡድኑ የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆኖ ስለነበር ሹራቡ ተፈላጊ ሆኗል። ዩኒቨርሲቲው ስሙን አስመዘገበና ቻምፒዮንን "ከእንግዲህ ፈቃድ አውጣ፣ ክፈል" አለው። ቻምፒዮን እምቢ አለ። ከ1936 ጀምሮ እያያችሁ ዝም ስትሉኝ ኖራችሁ ዛሬ ምን ተገኘ ነው ክርክሩ። በ1982 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት መሀል መንገድ ያዘ። በመዘግየታችሁ ያለፈውን መጠየቅ አትችሉም፤ የወደፊቱን ግን መከራከር ትችላላችሁ አለ። ጉዳዩ ወደ ሥር ፍርድ ቤት ሲመለስ በ1983 ዳኛው ለቻምፒዮን ፈረዱ። ምክንያታቸው ያ ያዙልኝ ያልኳችሁ ጥያቄ ነው፤ ሹራቡን ዩኒቨርሲቲው ሠራው ብሎ የተታለለ ሰው የለም። ዩኒቨርሲቲው በችሎት ተሸነፈ፤ ጉዳዩ ግን በመጨረሻ የተዘጋው በሁለቱ ስምምነት ነው።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ ሚዛኑ ወደ ዩኒቨርሲቲዎቹ አጋደለ። ይህ ጉዳይ ደግሞ ያስቃል። ጆርጂያ ግዛት ውስጥ አንድ የቢራ አከፋፋይ "ባትሊን ቡልዶግ" የሚል ቢራ አወጣ። ቆርቆሮው ቀይና ጥቁር፣ ላዩ ላይ "ጂ" የሚል ፊደል ያለበት ሹራብ የለበሰ ቡልዶግ ውሻ። የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ምልክት ደግሞ ምንድን ነው? ቡልዶግ። ቀለሙስ? ቀይና ጥቁር። ሰውየው ብልጥ ነውና በትንንሽ ፊደል "ከጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ጋር ግንኙነት የለውም" ብሎ ጽፎበታል። ፍርድ ቤቱ በ1985 አልተቀበለውም። ሊያገኝ የፈለገው የቡድኑን ደጋፊ እንደሆነ ግልጽ ነው፤ ቆርቆሮ ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈች ማስተባበያ አታድነውም ተባለ።

በ2008 ደግሞ ነገሩ ከስምና ከአርማ አልፎ ቀለም ላይ ደረሰ። ስማክ አፓረል የሚባል የፍሎሪዳ ቲሸርት አታሚ የዩኒቨርሲቲ ስምም አርማም አልተጠቀመም። የቡድኖቹን ቀለም ወስዶ፣ ጨዋታቸውንና ድላቸውን የሚጠቁሙ ቃላት ጨምሮ ሸጠ። ሉዊዚያና ስቴት፣ ኦክላሆማ፣ ኦሃዮ ስቴትና ሳውዘርን ካሊፎርኒያ ተባብረው ከሰሱት፤ አሸነፉም። አያችሁ፣ ቢጫና ሐምራዊ ብቻውን የማንም አይደለም፤ ቡድኑን በሚጠራ መንገድ ሲቀናጅ ግን ባለቤት አለው ተባለ።

ኦሃዮ ስቴትማ በ2022 በእንግሊዝኛ "ዘ" የምትለዋን ቃል ለስፖርት ቲሸርትና ኮፍያ በንግድ ምልክትነት አስመዝግቧል። ቀልድ አይደለም። ተማሪዎቼ ሆይ፣ ሰዋስው ላይ ስትጥሏት የነበረችው "ዘ" ባለቤት አግኝታለች። (በንግግራችሁ ብትጠቀሙባት ግን ማንም አይከሳችሁም፤ የተመዘገበችው ለልብስ ነው።)

የቆየው ጥያቄ ግን ዛሬም አልሞተም። ፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የድሮ አርማዎቹን እያተመ የሚሸጥ ቪንቴጅ ብራንድ የተባለ ድርጅትን በ2021 ከሰሰ። ዳኛው በሂደቱ መሀል ያንኑ የ1983ቱን ጥርጣሬ አነሱ። ደረት ላይ የተጻፈ ስም "ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ" ይላል ወይስ "እኔ ደጋፊ ነኝ"? በኅዳር 2024 ግን የተሰየሙት የሕዝብ ዳኞች ለዩኒቨርሲቲው ፈረዱ።

እሺ፣ ዛሬ ደንቡ እንዴት ነው የሚሠራው? ዝርዝሩ ከግቢ ግቢ ቢለያይም አካሄዱ ይመሳሰላል። አንደኛ፣ ስሙን የሚያትም ድርጅት አስቀድሞ ተመዝግቦ ላይሰንስ ይወስዳል። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱን ዲዛይን ከመታተሙ በፊት ለዩኒቨርሲቲው ቢሮ ልኮ ያስጸድቃል፤ ቀለሙ፣ የፊደሉ ቅርጽ፣ የአርማው መጠን ሳይቀር ይታያል። ሦስተኛ፣ ከጅምላ ዋጋው ላይ ሮያሊቲ ይከፍላል፤ ብዙ ጊዜ 10 በመቶ አካባቢ ነው። በጅምላ 20 ዶላር የሚሸጥ ሹራብ ከሆነ ሁለት ዶላሩ ለዩኒቨርሲቲው ነው። አራተኛ፣ ሕጋዊ መሆኑ እንዲታወቅ የሚያብረቀርቅ ሆሎግራም ምልክት ይለጠፍበታል። አምስተኛ፣ የማይፈቀድ ዕቃ አለ፤ ሲጋራና የጦር መሣሪያ ላይ ስማቸውን የማያስለጥፉ ብዙ ናቸው። የተማሪ ማኅበራት ለራሳቸው አባላት ሲያሳትሙ ደግሞ በብዙ ግቢዎች ከክፍያው ነጻ ናቸው፤ ዲዛይኑን ማስጸደቁ ግን አይቀርላቸውም።

እስካሁን ያወራሁላችሁ የገንዘብ ታሪክ ነው። እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍላችሁም ነበር።

ዩኒቨርሲቲዎቹ በየችሎቱ ቆመው "ስሙ የኛ ነው" ሲሉ፣ ተማሪዎቻቸው ይሰሙ ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ ልጆቹ ያንኑ ክርክር ገልብጠው አመጡባቸው። "ስሙ የናንተ ከሆነ፣ በስማችሁ ልብስ የምትሰፋው ሴትዮ ጉዳይስ የማን ነው?" አሉ። ሹራቦቹ ያኔ አሜሪካ ውስጥ መሰፋት እየቀሩ ነበር፤ ወደ መካከለኛው አሜሪካና ወደ እስያ ሄደዋል። በ1998 ተማሪዎቹ በአገር አቀፍ ደረጃ ተደራጁ። በ1999 መጀመሪያ ላይ በዱክ፣ በጆርጅታውን፣ በዊስኮንሲን የኃላፊዎች ቢሮ ገብተው አንወጣም ብለው ተቀመጡ። ዋናው ጥያቄያቸው በጣም ቀላል ነበር። ደሞዝ ጨምሩ እንኳ አይደለም፤ መጀመሪያ አድራሻውን ንገሩን ነው። ልብሳችን የሚሰፋው የት ፋብሪካ ነው?

አምራቾቹ ይህ የንግድ ምስጢር ነው ይሉ ነበር። በዚያው ዓመት ናይኪ የዩኒቨርሲቲ ልብስ የሚያሰፋባቸውን ፋብሪካዎች ዝርዝር ይፋ አደረገ። ለካ ይቻላል! በ2000 ደግሞ ወርከርስ ራይትስ ኮንሰርቲየም የሚባል ተቋም ተመሠረተ። ሥራው የዩኒቨርሲቲ ስም ያለበት ልብስ የሚሰፋባቸውን ፋብሪካዎች መመርመርና የሠራተኞቹን አቤቱታ መስማት ነው። ከዚያ ወዲህ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ላይሰንስ የሚወስድ ድርጅት ሮያሊቲ ብቻ አይደለም የሚፈርመው፤ የሠራተኛ መብት ደንብም አብሮ ይፈርማል። ደንቡን ከጣሰ ስሙን ይነጠቃል።

ወረቀት ላይ ብቻ ነው እንዳትሉ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሆንዱራስ ውስጥ የራስል አትሌቲክ ፋብሪካ ሠራተኞች የሠራተኛ ማኅበር አቋቋሙ። በ2009 መጀመሪያ ፋብሪካው ተዘጋ። መርማሪዎቹ መዘጋቱ ከማኅበሩ ጋር የተያያዘ ነው አሉ። ተማሪዎች ከግቢ ግቢ ተነሡ፤ ወደ 100 የሚጠጉ ዩኒቨርሲቲዎች ከራስል ጋር የነበራቸውን ውል አቋረጡ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ድርጅቱ ተስማማ። ፋብሪካ ሊከፍት፣ ወደ 1,200 የሚሆኑ ሠራተኞችን ሊመልስ፣ ማኅበሩንም ሊያውቅ ፈረመ። ይህን ያደረገው ምንድን ነው? ያ ነጋዴዎች ለሮያሊቲ ብለው የሠሩት ውል ነው። ስሙ ባለቤት ስላለው፣ ባለቤቱን መያዝ ተቻለ።

ሌላም ወገን ነበር፤ ተጫዋቹ። የዩኒቨርሲቲው ማሊያ የሚሸጠው በኮከቡ ቁጥር ነው፤ ልጁ ግን ከሽያጩ ሳንቲም አያገኝም ነበር። ኤድ ኦባነን የሚባል የቀድሞ የዩሲኤልኤ ቅርጫት ኳስ ተጫዋች ራሱን የሚመስል ተጫዋች በቪዲዮ ጌም ውስጥ አየና በ2009 ክስ መሠረተ። ብዙ ክርክር አለፈ። ከሐምሌ 2021 ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ስፖርተኞች ከስማቸውና ከምስላቸው ገቢ ማግኘት ተፈቀደላቸው። እዚህም ያው ጥያቄ ነው፤ ስሙ የማን ነው?

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። ስም ሀብት እንደሆነ እኛም አናጣውም። በ2005 መንግሥታችን ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን የቡና ስሞች አሜሪካ ውስጥ ለማስመዝገብ አመልክቶ፣ በ2007 ከስታርባክስ ጋር በፈቃድ አጠቃቀም ላይ ስምምነት ተፈርሟል። ያኔ ሁላችንም "ስሙ የኛ ነው" ብለን ነበር፤ ትክክልም ነበርን።

የልብሱ ታሪክም አገራችን ደርሷል። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2016 ሲመረቅ ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ከትምህርት ቤት ወጥተው ወደዚያ የሄዱ ሴት ልጆች ስንቶቻችን እናውቃለን! በ2018 መጨረሻ ያ የአሜሪካ ተማሪዎች ትግል የወለደው ተቋም፣ ወርከርስ ራይትስ ኮንሰርቲየም፣ የኢትዮጵያን የልብስ ፋብሪካዎች መርምሮ ሪፖርት አወጣ። ክፍያው እጅግ ዝቅተኛ ነው፣ አያያዙም ችግር አለበት አለ። በ2019 ከኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ሌላ ጥናት የመነሻ ደሞዙን በወር 26 ዶላር አደረሰው። ለግሉ ዘርፍ በሕግ የተቆረጠ ዝቅተኛ ደሞዝ አለመኖሩንም አትርሱ። እዚያ የተሰፋው ሁሉ የዩኒቨርሲቲ ልብስ ነበር እያልኩ አይደለም። ነገር ግን የኛን እህቶች ደሞዝ ሊጠይቅ የመጣው ተቋም፣ ሃያ ዓመት ቀደም ብሎ አንድ የተማሪ ቡድን "ስሙ የናንተ ከሆነ" ብሎ ቢሮ ውስጥ በመቀመጡ የተፈጠረ ነው። ታሪክ እንዲህ ነው የሚጓዘው፤ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ግን ይደርሳል።

ስለዚህ ለልጁ የመለስኩለት ይህን ነው።

"አንደኛ፣ ማስፈቀድ ነበረብህ። የአንድ ተቋም አርማ ላይ ሥራ ከመጀመርህ በፊት በደብዳቤ ጠይቅ፣ በማኅተም የተመለሰ ወረቀት ያዝ። በአገራችንም የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 (ይህ በኛ አቆጣጠር ነው) አለ፤ የተመዘገበ ምልክት ሰባት ዓመት ይጠበቃል፣ ይታደሳልም። የጂሲ ኮሚቴው ስላዘዘህ ብቻ ዩኒቨርሲቲው ፈቀደ ማለት አይደለም።"

"ሁለተኛ፣ ያንተም ቅሬታ እውነት አለው። በር ላይ ከመመለስ በፊት የሚጠየቅበት በር ሊኖር ይገባል። የት ቢሮ ነው የሚጠየቀው? ክፍያው ስንት ነው? ለተመራቂ ተማሪና ለነጋዴ አንድ ነው? ይህ ተጽፎ ካልተለጠፈ ደንቡ ወጥመድ ይሆናል።" የዩኒቨርሲቲ ኃላፊዎች የሆናችሁ ወዳጆቼ፣ ይህችን ለናንተም ብያታለሁ። አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል።

ሦስተኛውን ስጽፍለት ትንሽ አመነታሁ። ግን አስተማሪው ነበርኩና ጻፍኩት። "እነዚያ ሁለት ሠራተኞችህ፣ 120ውን ቲሸርት የሰፉልህ፣ ተከፈላቸው ወይስ ያንተን ክፍያ እየጠበቁ ነው?"

መልእክቱን ማየቱን አየሁ። ቆየ። አመሻሹ ላይ "ቲቸር፣ ግማሹን ነው የሰጠኋቸው" አለኝ።

አልቆጣሁትም። ገንዘቡ በር ላይ ቀርቶበታል፤ ጭንቀቱ ይገባኛል። ነገር ግን የዚህ ሁሉ ታሪክ ፍሬ እሱ ነው አልኩት። ቻምፒዮንና ፒትስበርግ ሲካሰሱ፣ ቢራው ላይ ያለው ውሻ ሲያከራክር፣ ልብሱን የሰፋችውን ሴት ስም ያነሣ አልነበረም። እሷ ወደ ወሬው እንድትገባ ተማሪዎች ወለል ላይ መተኛት ነበረባቸው።

ትናንት ማታ ደውሎ ነበር። ደብዳቤውን አስገብቷል፤ መልሱ ገና ነው። ለልጆቹ የቀረውን ከወንድሙ ተበድሮ ከፍሏቸዋል። ቲሸርቶቹ በካርቶን እንደታሸጉ ናቸው። ምርቃቱ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉ አባቶቻችን። እውነት ነው፤ ስም የጠራው ሁሉ ግን ዕዳም አለበት። የግቢያችሁን ስም ደረታችሁ ላይ ስታደርጉ "ማን ፈቀደ?" ብቻ ሳይሆን "ማን ሰፋው?" ብላችሁም ጠይቁ።

በዩኒቨርሲቲ የምትሠሩ፣ ይህን ፈቃድ በናንተ ግቢ የሚሰጠው የትኛው ቢሮ እንደሆነ የምታውቁ ካላችሁ ከታች ጻፉልን። ለአንድ ልጅ ብቻ ሳይሆን ለብዙዎች ይጠቅማል።

መልካም ሰንበት።